ቀሪ

ዶዶማ ላይ መሽቷል፤ የጣሪያው ማራገቢያ
ያንኑ የቀን ሙቀት ያመላልሳል ወዲህና ወዲያ።
ሴቼሌላ ብቻዋን፣ ከስክሪኗ ብርሃን ሥር፣
የሠላሳ ዓመት ዝናብ በሚሊሜትር ስትቆጥር፤
ስንቱ ማሽላ ላይ ወርዶ፣ ስንቱ ድንጋይ ላይ እንደቀረ
ቀመሩ አይጠይቅም፤ ድምሩ ካማረ።

አማካዩ ደህና ነው።
የጎርፉ ዓመት የድርቁን ዓመት ዕዳ ከፍሎ
መስመሩ ቀጥ ብሏል፣ ተደላድሎ።
አንድ ሰው ዓምና ጦሙን አድሮ
እጥፍ አድርጎ ቢጎርስ ዘንድሮ፣
በአማካይ በልቷል።
ዓምና ግን ሞቷል።

ይህን እሷም ታውቃለች። ለዚህ ነው አማካዩን ትታ
የሰማዩን ዐመል ይዛ፣ ውጣ ውረዱን አጥንታ፣
ከማሳ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጓዳ
የምትከተለው፣ እንደ ዱካ፣ በቁጥር ሜዳ።
ዝናቡ በአንድ ቢዛነፍ፣ ምርቱ በስንት ይጎድላል?
ምርቱ ያን ያህል ከጎደለ፣ ዋጋው በስንት ይዘላል?
ዋጋው አንዴ ከዘለለ፣
ከመስመሩ በታች ስንት ሰው ይውላል?

መልሱ ይመጣል፤ ልክ ነው ከሞላ ጎደል።
ከጎኑ አንዲት ዓምድ አለች፣ ቀመሩ ከእውነቱ የሚጎድል፣
ስሟ፦ ቀሪ።
ትንሽ ናት። ለዜሮ ትቀርባለች።
አይጠራትም አንባቢ፣ አያያትም መርማሪ።

ማክሰኞ ኪባይግዋ ወረደች፣ የእህል ገበያ።
በቆሎ ሲራገፍ፣ ሲጫን፣ ተሸካሚው በአቧራ ነጥቶ፣
ሽማግሌው ንዳሃኒ አንዲት ጆንያ በእግሩ መታ አድርጎ፦
«ይቺን በሐምሌ ሸጥኳት፤ ዕዳ ነበረብኝ፣ አልቆየችም።
አሁን በጥር ልገዛት መጣሁ።
ያው ራሷ ናት፤ የአፏን ስፌት አውቃለሁ፤
በገዛ እጄ የሰፋኋትን በሦስት እጥፍ እገዛለሁ።
ዋጋ ሲወጣ ገበሬ ደላው ይላል ራዲዮኑ፤
እኔ ገበሬ የምሆነው ሁለት ወር ነው፤
ዐሥሩን ወር ገዢ ነኝ፤ የእኔ አይደለም ቀኑ።»

ቀጥሎም፦ «ከዚያ ማሽንሽ ውስጥ የት ነኝ?» አላት።
ላፕቶፑን ከፈተች፤ ፀሐዩ ስክሪኑን አጨለመባት።
ጣቷ ቁልቁል ወረደ፤ አውራጃ፣ ወረዳ፣ የገቢ እርከን።
«እዚህ ነዎት፤ ከዐሥራ አንድ ሺህ አባወራ ጋር።»
አራት አኃዝ ነበር፣ ከነነጥቡ።
ጎንበስ ብሎ አየና፣
«ጠባብ ቤት ናት፣ ለዚህ ሁሉ ሰው» አለ።
አልሳቀም። እሷ ሳቀች፤ ኋላ አፈረች።

ወደ መንደሩ ሲሸኛት በትምህርት ቤቱ በኩል አለፉ።
መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የመምህሩ ድምፅ ይወጣል፦
«ቺቴማ!»
«አለሁ!»
«ማጎማ!»
«አለሁ!»
«ምቤሌጄ ንዳሃኒ!»
ዝም።
«ምቤሌጄ ንዳሃኒ!»
ሽማግሌው መንገዱን አየ እንጂ መስኮቱን አላየም።
ከወደ ኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ፦
«ከተማ ሄዳለች። ሰው ቤት።»
እስክሪብቶ ወረቀት ሲጭር ተሰማ፦
«ቀሪ።»

ዶዶማ ላይ መሽቷል፤ ማራገቢያው አልቆመም።
ዓምዷን ከፈተች፤ ለዜሮ ትቀርባለች፣ ዜሮ ግን አይደለችም።
ነገ ለጉባኤው የምታቀርበው ዐሥራ ሁለት ገጽ አላት፤
ቀሪዋ በአንዱም የለችበት።
ዝናብ ሸተተ፣ ያለ ወሩ።
ልትጽፍ ፈለገች፤ በምን መስፈሪያ? በየትኛው መስመሩ?

ከአጥሩ ማዶ፣ ከሰው ግቢ፣ በዚህ እኩለ ሌሊት
አንዲት ልጅ ድስት ትፈገፍጋለች።
ፊቷ አይታይም፤ ውሃው ብቻ ይሰማል።
ሴቼሌላ ተነሣች፣ መስኮቱን ገፋች፣
ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች።